የዘር ጎታ

በአያቴ የቀበሌ መታወቂያ ላይ፣ «ሥራ» ከሚለው ቃል ትይዩ፣ «የቤት እመቤት» ተብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። መታወቂያውን ያገኘነው ካረፉ በኋላ፣ ከሣጥናቸው ሥር፣ ከመሬት ይዞታ ደብተራቸው ጋር በአንድ ብጫቂ ጨርቅ ተቋጥሮ ነው። ጸሐፊውን አልወቅሰውም፤ ወረፋው ሲረዝምበት፣ ሴት በቀረበች ቁጥር ሳይጠይቅ የሚጽፈው ቃል ይሆናል። «እመቤት» የሚለው ስምም በራሱ የሚያስከፋ አይደለም፤ አያቴም ቢነበብላቸው ኖሮ በቤታቸው ላይ እመቤት መሆናቸውን አይክዱም ነበር። ነገር ግን ያንን ቤት ያቆመው እርሻ እንደነበረ፣ የእርሻውም ሐሳብና ድካም ከግማሽ በላይ በእርሳቸው ጫንቃ ላይ እንደነበረ በዓይኔ ስላየሁ፣ ያቺን መስመር ባየኋት ቁጥር ማረም ያምረኛል። ዘግይቼም ቢሆን እርማቱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አያቴ የኖሩት ደቡብ ወሎ፣ ኩታበር ውስጥ ነው። ከደሴ ወጥቶ ቦሩ ሜዳን ያለፈ መንገደኛ ወደዚያ ደጋ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚቀበለው ጉሙ ነው፤ ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ተዳፋቱን ሁሉ የያዘው ገብስ ይታየዋል። ስንዴውም፣ ባቄላውም፣ ምስሩም አለ፤ ይሁንና «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚለው አባባል በዚያ አገር የጓዳ እውነት ነው። ቂጣው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ቀሪቦ ሳይቀር ከእርሱ ነው። ሩቅ ያለ ሰው ወሎ ሲባል ወይ ዘፈኑን ወይ ረሀቡን ያነሣል፤ አንዱ ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን እየጠራ ቅኝቱን ያደንቃል፣ ሌላው የ1977ቱን የኮረም መጠለያ ያስታውሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ በየዓመቱ የሚዘራውንና በየዓመቱ የሚታጨደውን ወሎ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው፤ አያቴ የዚያኛው ወሎ ሰው ነበሩ።

የደጋው ገበሬ ኑሮ የተንጠለጠለው በበልግ ላይ ነው። የመኸሩን ሰብል ብዙ ጊዜ ውርጭ ስለሚመታው፣ በጥርና በየካቲት ዝናብ የሚዘራው ገብስ ለብዙ ቤት የዓመቱ ዋና እህል ይሆናል። የበልግ ክፋቱ መምጫው አለመታወቁ ብቻ አይደለም፤ መድረሻውም መጥፎ ጊዜ ላይ ነው። ገብሱ በሰኔ ሲደርስ ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሟል። ነዶው ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል፣ በማሳው ላይ ከቆየ ደግሞ ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ስለዚህ የልጅነቴን ሰኔ የማስታውሰው በእርጥብ ገብስ ሽታ ነው። በምድጃው ዙሪያ፣ በመደቡ ላይ፣ በቆጡ ሥር ገብስ ይሰጣል፤ እኛ ልጆች የምንተኛበት ቦታ እስኪጠፋ ድረስ። አያቴ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ በእጃቸው ያገላብጡታል። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብሩና ድምፅዋን ያዳምጣሉ፤ «ገና ነው» ይሉና ተመልሰው ይጋደማሉ። እንቅልፋቸው ከገብሱ እርጥበት ጋር የተያያዘ ይመስለኝ ነበር።

ዘሩ ግን ከዚህ ሁሉ ግርግር በፊት ይለያል። አዝመራው ሊታጨድ ጥቂት ቀን ሲቀረው አያቴ ብቻቸውን ማሳ ይገባሉ፤ ካደግሁ በኋላ እኔንም ያስከትሉኝ ጀመር። ዳር ዳሩን አይነኩም። ዳር ላይ ያለ ገብስ ፀሐይም መሬትም ስለሚተርፈው ያለ ጠባዩ ይወፍራል፣ ስለዚህ አይታመንም ይሉ ነበር። የሚፈልጉት ከመካከል፣ ከብጤዎቹ ጋር ተጋፍቶ ያማረውን ነው። በጣም ረጅሙንም አይወዱም፤ ነፋስ ይጥለዋል። ነጩን ብቻ ለይቼ ስሰበስብ ያዩኝ ቀን ደግሞ ቆጡኝ። በማሳችን ነጩም ጥቁሩም ገብስ ተቀላቅሎ ይበቅል ነበርና የምርጫ ሥራ ማለት ቀለም መለየት መስሎኝ ነበር። «ዓመቱ ማንን እንደሚወድ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። በአንዱ ዓመት ውርጭ ነጩን ሲያቃጥለው ጥቁሩ ተርፎ ቤቱን እንዳበላ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። (ልብሱን በቀላሉ የሚጥለውን ገብስ «ሰነፍ ቆሎ» ማለታቸውን ግን አይወዱም ነበር። እህል እንዴት በስንፍና ስም ይጠራል፣ ደግሞስ ጎንበስ ብላ ያላረመችው ሴት የቱን ቆሎ ቆላች ይሉ ነበር።)

የተመረጠው ዛላ በበሬ አይበራይም። ለብቻው በዱላ ተወቅቶ፣ በሰፌድ ተነፍሶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ነቀዝ እንዳያገኘው ከአመድ ጋር ተለውሶ ወደ ጎታው ይገባል። ጎታውን የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክተው፣ አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላውን እየደረቡ፣ ቁመቱ ከደረታቸው እስኪደርስ አሳደጉት። በቤቱ ውስጥ ሌሎች ሁለት ትልልቅ ጎታዎች ነበሩ፤ እነዚያ የሚበላው እህል ጎታዎች ስለሆኑ ከታች አፍ አላቸው፣ በጨርቅ ይወተፋሉ፣ በየቀኑ ይከፈታሉ። የዘሩ ጎታ ከታች አፍ የለውም። ከላይ ተከድኖ በእበት ይመረጋል፤ ምርጊቱ የሚሰበረውም ሞፈርና ቀንበር ከቤት በሚወጣበት ቀን ብቻ ነው።

በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። ይህ ልማድ በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም፤ ቢሆንም ከተጻፈው ሕግ ይልቅ ይከበራል። ከልማዱ የሚከተለው ደግሞ «ገበሬ» የሚለው ስም በሬ ለሚነዳው ብቻ መሰጠቱ ነው። እስቲ አንድ ማሳ ገብስ በዓመት ስንት ቀን በበሬ እንደሚረገጥ እንቁጠር፤ ከዚያ ፍግ የተሸከመችውን፣ አረም የነቀለችውን፣ ነዶ ያመላለሰችውን፣ ያደረቀችውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያንን እህል ለአሥራ ሁለት ወር ከፋፍላ ያዳረሰችውን ቀን እንቁጠር። አያቴ በነሐሴ ወር ጎታውን በእጃቸው ጀርባ እያንኳኩ ከድምፁ ብቻ ስንት ቁና እንደቀረ ያውቁ ነበር። በዚያ መሠረት የእንግዳው ድርሻ፣ ለቅሬ (ለቀብር መረዳጃ ማኅበሩ) የሚዋጣው፣ ለለማኝ የሚሰጠው፣ በገበያ ተሸጦ ጨውና ጋዝ የሚሆነው ይወሰናል። ይህን ሥራ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው ማዕረግና ደመወዝ አለው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ቆላ ሲራብ አያቴ ገና ወጣት ሚስት ነበሩ። የዘውዱ መንግሥት ሊሸፍነው የፈለገውን ረሀብ እርሳቸው ያወቁት ወደ ደሴ የሚጎርፈውን ሰው በማየት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ እነ አያቴም ለባለመሬት ሲከፍሉ የነበረው እህል ቀረላቸው። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር። የመጀመሪያውን ጎታ የሠሩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ጎታ የሚሞላ እህል አልነበረማ።

ከዚያ በኋላ 1977 መጣ። በ1976 በልጉም ክረምቱም ከድቶ ነበር። አያቴ ግን ዘርን ሁሉ በአንድ ቀን አይዘሩም፤ የመጀመሪያው ዘር መሬት ውስጥ ቢቀር የሚደገመውን ሁልጊዜ ያስቀራሉ። በዚያ ዓመት የቀረው አምስት ቁና ነበር፣ ለአንድ ጥማድ መሬት የምትበቃ። በኅዳር ወር አያቴ ወንዱ የእርዳታ እህል ፍለጋ ደሴ እንደወረዱ አልተመለሱም። ለሰፈራ ተመዝግበው ወደ ወለጋ መወሰዳቸው የተሰማው ከወራት በኋላ ነው፤ በዚያ ፕሮግራም ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው፣ አብዛኛውም ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል። ከዓመታት በኋላ ወባ እንደገደላቸው አንድ ተመላሽ ነገረን። ቤት ውስጥ የቀሩት አያቴና አራት ልጆች ነበሩ፦ የ14 ዓመቱ አጎቴ፣ የ10 ዓመቷ እናቴ፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እና ጡት የጣለች ትንሽ ሴት።

የሚበላው ጎታ ተጠረገ። ፍየሎቹ ተሸጡ። በሬዎቹ አንዱ ሞተ፣ ሌላው ደግሞ ከብት ርካሽ፣ እህል ውድ በሆነበት ገበያ ለጥቂት ቁና ሄደ። በመጨረሻ አጎቴ በዘሩ ጎታ ፊት ቆሞ እንዲከፈት ጠየቀ። አያቴ «ባዶ ነው» አሉት። «የቀረውን በሐምሌ ዘርቼዋለሁ፣ አልበቀለም። ባዶ ነው።» አጎቴ እናቱን አመነ፤ በዚያ አገር ልጅ እናቱ ስለ እህል የምትናገረውን አይጠራጠርም። ከዚያ ወዲያ የኖሩት በጎመንና በዱር ቅጠል፣ አልፎ አልፎም በሚታደለው የእርዳታ ስንዴ ነው። ትንሿ በጥር ወር ኩፍኝ ያዛትና በስድስተኛው ቀን አረፈች። ጎረቤቱ ሁሉ ተዳክሞ ስለነበር ቅሬው እንኳ በወጉ አልወጣም፤ ሁለት ሰዎች ቀበሯት፣ አንደኛው ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበሩ።

ዝናቡ የተመለሰ ጊዜ አያቴ መጥረቢያ አንሥተው የጎታውን ምርጊት ሰበሩት። እናቴ ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አትረሳውም። አጎቴ ቀርቦ ወደ ውስጥ አየ፤ ገብሱ ከነአመዱ አለ። ምንም አልተናገረም። አያቴ ለሰው ማሳ አረም እያረሙ በቀን ሒሳብ በሬ አገኙ፤ እርፉን የጨበጠው ያው የ14 ዓመት ልጅ ነው። አርሶ ዘራ፣ ገብሱም ያዘ። በዚያ ዓመት ብዙ ሰው ዝናብ እያለው ዘር አጥቶ ማሳው ጦሙን ሲያድር የእኛ ጥማድ ለምልሞ ነበር፤ ከአዝመራው ላይ ደግሞ አያቴ ለሰባት ጎረቤት ዘር አበደሩ። አጎቴ ግን እናቱን ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቀና ብሎ አያያቸውም ነበር ትላለች እናቴ።

እኔ ይህን ታሪክ በጥቂት በጥቂቱ ከእናቴ ሰምቼ ነበር፤ አያቴን ለመጠየቅ የደፈርኩት ግን ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ፣ አንድ ቀን የጎታውን ስንጥቅ አብረን ስንለቀልቅ ነው። እጃቸውን ከጭቃው ሳያወጡ «ቁጠሪው እስቲ» አሉኝ። «አምስት ቁና፣ ለአምስት ነፍስ፣ እፍኝ እፍኝ እየተሰጠ። አርባ ቀን ነው። ቆጥሬዋለሁ። ከአርባ ቀን በኋላስ?» መልስ አልነበረኝም። በረሀብ ዘመን ሕፃናትን አብዝቶ የሚገድለው ኩፍኝና ተቅማጥ እንደሆነ፣ እፍኝ ቆሎ ከኩፍኝ ያድናት እንደነበር ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ በተማርኩት ልክ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ዝም ብለው ለቀለቁ። ስንጥቁ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ለእሷ ብቻ ቢሆን ግን ዓመት ይበቃት ነበር» አሉ።

ሰዎች ስለ እናትነት ሲጽፉ «ለልጆቿ ሁሉን የሰጠች» የሚል ቃል ይቀናቸዋል። እኔ የማውቃት እናት ሁሉን ያልሰጠች ናት፤ በልጇ ፊት ቆማ የከለከለች፣ የዋሸች፣ ከከለከለችውም ላይ እኛን ያወጣች። ትክክል አድርገዋል ብዬ መፍረድ አይቃጣኝም፣ እርሳቸውም ፈርደው አያውቁም።

ከዚያ ጭውውት በኋላ ስለ ዘር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። በዚያው የረሀብ ዘመን፣ ገበሬው የዘር እህሉን እየበላ አገር በቀል ዝርያው ለዘላለም እንዳይጠፋ፣ በዶክተር መላኩ ወረደ የሚመራው የኢትዮጵያ የዘር ባንክ ባለሙያዎች በወሎና በሸዋ እየዞሩ ዘር ሲሰበስቡ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዶክተር መላኩ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ መጠበቅ አለበት ብለው ይከራከሩ ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ለዚህ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ የተማረ ሰው በገብስ መጨነቁ ገረማቸው። ጥቂት አሰቡና ግን «መብራት የጠፋ ዕለትስ?» አሉ።

አያትነታቸውን ያለ ጎታው ማሰብ አልችልም፣ ምንም እንኳ ሌላም መልክ ቢኖራቸው። በየክረምቱ ከየከተማው የምንላክላቸው ስምንት የልጅ ልጆች ነበርን። ሳህን አይለዩልንም፤ በአንድ ገበታ ከበን፣ ትንሹ ቀድሞ ይጎርሳል። «በሞቴ» ብለው የሚያጎርሱት ጉርሻ ለአፋችን አይመጠንም ነበር። ስናለቅስ «አብሽሩ» ይሉናል፣ ስንጣላ ደግሞ ሁለቱንም ተጣዪዎች ኩበት ለቀማ አብረው ይልካሉ። ከሰዓት በኋላ ጀበናው ሲጣድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ስለ ዝናብ ይወራል፣ በመጨረሻ እርሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ክርስቲያኖቹም አሜን ይላሉ። ዝናብ ሲዘገይ እኛ ለዱዓ ስንወጣ እነርሱ ምህላ ይይዛሉ፤ በኋላ የዘነበው በማን ጸሎት ነው ተብሎ በቡና ላይ መሣቂያ ይሆናል። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በሐምሌ አንድ ከረጢት በሶ በአውቶቡስ ይደርሰኝ ነበር፤ ሙሉ ነው ተብሎ አይታሰብ፣ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከአፉ አንድ ጋት ይጎድል ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ «የሞላ ነገር ይፈሳል» የሚል መልስ አገኘሁ።

የመሬት ይዞታ ደብተር ሲታደል ፎቶግራፍ መነሣት ግድ ነበር። በዚያ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ በአያቴ ደብተር ላይ ግን አንዱ ቦታ ባዶ ነው። ፎቶዋ ላይ ቆጣ ያሉ ይመስላሉ። ፎቶ አንሺው ቀና እንዲሉ ሲነግራቸው፣ ፀሐይ ሳትገባ ወደ ገብሳቸው እንዲለቃቸው እየለመኑት እንደነበረ አጎቴ ነግሮናል።

ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ኩታበርና ወደ ደሴ ሲቃረብ አያቴን አዲስ አበባ ለማምጣት ሦስት ቀን ለመንን። በመጨረሻ እሺ ያሉት አንድ ከረጢት ዘር ይዘው እንደሚወጡ ከተስማማን በኋላ ነው። የእኔ ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከረጢቱን አልጋቸው ሥር አስቀመጡት፣ በየቀኑም ወደ በረንዳ እያወጡ ፀሐይ ያስመቱት ነበር። ሲመለሱ ቤቱ ቆሟል፣ ጎታዎቹ ግን ተሰብረዋል። የ77 ዓመት አሮጊት ጭቃ አስቦክተው፣ ራሳቸው ባይችሉም ቆመው እያዘዙ፣ በመጀመሪያ ያሠሩት የዘሩን ጎታ ነው።

ያረፉት በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው፤ ብዙም አልታመሙም። አርባኛው ቀን የዋለው በጥር መጀመሪያ፣ በልጉ ሊዘራ ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። የዚያን ዓመት መኸር ውርጭ አጥቅቶት ስለነበር ለሰደቃው የተሰናዳው እህል ከእንግዳው ቁጥር አነሰ፤ ቀሪቦው አለቀ፣ ቆሎም አልተረፈም፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ሰዎች ግን ገና እየገቡ ነበር። ከጓዳ ሴቶቹ ወጥተው ምን ይደረግ አሉ። አንዷ ዘመዳችን ጥግ ላይ ያለውን ምርጊቱ ያልተነካ ጎታ እያሳየች፣ «ይኼ ገብስ የማን ነው? የእሳቸው አይደል? ለእሳቸው ቀን ይከፈት እንጂ» አለች። ሰዉም ልክ ናት አለ።

አጎቴ በሩ አጠገብ ከእንግዶች ጋር ተቀምጦ ነበር። አሁን ሽበታም ነው፤ የራሱ የልጅ ልጆች አሉት። ወደ ጎታው አንድ ጊዜ አየና፣ ሳይነሣ፣ «ባዶ ነው» አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቁናውን አንሥታ ከጎረቤት ገብስ ልትበደር ወጣች።